የመስተዋትን ስሕተት የሚያገኝ ዐይን

ስለ ምሕንድስና ትምህርት ሲነሣ በብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ድልድዩ፣ ግድቡ፣ መንገዱና ሕንጻው ነው። ብርሃንም እንደ ድንጋይና እንደ ብረት የመሐንዲስ ጥሬ ዕቃ ነው ቢባል የሚገረም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ድንጋይ ጠርቦ ቤት የሚያቆም ባለሙያ እንዳለ ሁሉ፣ ብርሃንን መልሶ፣ ሰብስቦና በየቀለሙ ለይቶ ለዐይን የሚያቀርብ ባለሙያም አለ። በዩኒቨርሲቲ ኦፕቲክስ ወይም የብርሃን ምሕንድስና የሚባለው ትምህርት የሚያፈራው ይህን ሰው ነው። ከሐኪሙ ማይክሮስኮፕ እስከ ጋዜጠኛው ካሜራ፣ ከአዛውንቱ መነጽር እስከ ሳተላይቱ ዐይን ድረስ ያለው መሣሪያ ሁሉ የዚህ ሙያ ፍሬ ነው።

በላምበረት ያደገች አንዲት ተማሪ ፊዚክስ አጥንታ ወደዚህ ሙያ ለመግባት በቆረጠች ጊዜ፣ የገጠማት የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ የመጣው ከፈተና ወረቀት ሳይሆን ከአባቷ ነበር። አባቷ በመናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍተው ወደ ሰሜን የሚሄደውን መንገደኛ ሲያስተናግዱ የኖሩ፣ የዕቃን ዋጋና የገንዘብን ችግር ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ መነጽር ለመሸጥ ነው እንዴ ይህን ያህል ዓመት የምትማሪው? እርሱስ ቢሆን ከውጭ አገር ተሠርቶ ይመጣ የለም ወይ?» አሏት። ተማሪዋ ለጊዜው መልስ አላገኘችም። የአባት ጥያቄ የዋህ ቢመስልም መሠረታዊ ነው። መሣሪያው ተሠርቶ የሚገዛ ከሆነ፣ አሠራሩን ለመማር ዕድሜን መፍጀት ለምን ያስፈልጋል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከላምበረት ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቀና የሚል ሰው በባሕር ዛፍ የተሸፈነውን የእንጦጦን ሰንሰለት ያያል። በዚያ ተራራ ላይ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንዳንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የሰው የዐይን ብሌን በጨለማ እጅግ ቢሰፋ 7 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው። ስለዚህ አንዱ ቴሌስኮፕ ብቻውን ከ20,000 የዐይን ብሌኖች ጋር የሚመጣጠን ብርሃን ይሰበስባል ማለት ነው። የእንጨት ሸክም ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚወርዱ እናቶች ባሉበት ተራራ ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ መቆሙ በራሱ የሚያኮራ ነገር ነው።

ነገር ግን ቴሌስኮፕ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዘላለም የሚያይ ዕቃ አይደለም። የመስተዋቱ ፊት የሚያበራው በላዩ በተለበጠው እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ነው። አቧራና እርጥበት ይህን ሽፋን ቀስ በቀስ ያደበዝዙታል። በየጊዜው ተገፎ እንደገና ካልተለበጠ ቴሌስኮፑ እንደ ሰው ዐይን ሞራ ይለብሳል። ዋናውና ሁለተኛው መስተዋት በጥቂቱ ከመስመር ቢዛነፉም ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ጅራት ያበቅላል። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 550 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ የጥሩ መስተዋት ገጽ ከታሰበለት ቅርጽ ሊዛነፍ የሚፈቀድለት የዚህን ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህም ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት አንድ ሺሕኛው ነው። እንዲህ ያለውን ጥፋት በጣት ዳስሶ የሚያውቀው የለም፤ የሚያውቀው የተማረ ሰው ነው።

የተማረ ሰውም ቢሆን ይሳሳታል። የዚህ ታላቁ ምስክር በሚያዝያ ወር 1982 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተላከው ሀብል የተባለው የአሜሪካ ቴሌስኮፕ ነው። የመስተዋቱ ስፋት 2.4 ሜትር ሲሆን፣ በጊዜው እጅግ የረቀቀ ሥራ ተብሎ የተወደሰ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ሲመጡ ግን ከዋክብቱ ደብዝዘው ታዩ። በምርመራ እንደተገኘው፣ መስተዋቱ በሚሞረድበት ጊዜ ቅርጹን ይለካ በነበረው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ ከቦታው 1.3 ሚሊ ሜትር ርቆ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ የመስተዋቱ ጠርዝ ከሚገባው በላይ በ2 ሚክሮን ያህል ዝቅ ብሎ ተሞረደ። ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ ሌሎች መለኪያዎች ስሕተቱን አመልክተው ሳለ፣ «ይኸኛው ይበልጥ ትክክል ነው» ተብሎ ምስክርነታቸው ሳይሰማ መቅረቱ ነው። ቴሌስኮፑን ከውርደት ያዳኑት ስሕተቱን ከሥዕሎቹ መልሰው ያሰሉት ባለሙያዎች ናቸው። የጥፋቱን ተቃራኒ ቅርጽ የያዙ ትናንሽ መስተዋቶች አዘጋጁ፤ ጠፈርተኞችም በ1986 ዓ.ም. ወጥተው ገጠሙለት።

የላምበረቷ ተማሪ ይህን ታሪክ ስታነብ ለአባቷ ጥያቄ መልስ አገኘች። «አባባ፣ ሚዛን ከውጭ አገር ይመጣል፤ ሚዛኑ ሲያጭበረብር የሚያውቀው ግን ነጋዴው ራሱ ነው» አለቻቸው። ሚዛን ይዘው የኖሩት ሰው ነገሩ ገባቸውና ከዚያ ወዲያ አልተከራከሯትም።

ይህ ትምህርት ከጥበብ ሰዎች የራቀ መስሎ የሚታየውም ዝምድናቸው ስላልተነገረ ነው። በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍነውን ባለቀለም የመስኮት መስተዋት የነደፉት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩበት ምሥጢር ከብርሃን መሐንዲሱ ምሥጢር ጋር አንድ ነው። ቀዩ መስተዋት ቀዩን ብርሃን አሳልፎ ሌላውን ያስቀራል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም የያዘችው ካሜራ ብርሃንን በየቀለሙ ለይቶ የሚቀበል ነበር። ጤነኛ ቅጠል ዐይን የማያየውን ከቀይ ባሻገር ያለ ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል፤ የታመመው ወይም የደረቀው ግን ያን ያህል አይመልስም። በዚህ ልዩነት የሰብልን ሁኔታ ከሰማይ ሆኖ መለየት ይቻላል። ሠዓሊው በቀለም ስሜትን ሲናገር፣ መሐንዲሱ በቀለም የአዝመራውን ዕጣ ያነብባል። ካሜራው ቀለሙን አዛብቶ ቢያቀርብና ያን የሚያውቅ ሰው ቢጠፋ ደግሞ የደረቀው ማሳ ለምለም ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ዕዳውም የገበሬው ይሆናል።

እርግጥ ነው፣ ትምህርቱ ቀላል አይደለም። በብዙ ቤተ ሙከራ ሌንሱ ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ ነው። የብርሃን ስብረትና ነፀብራቅ በጠመኔ ተጽፎ፣ በቃል ተጠንቶ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። ሆኖም ድኻ ቤተ ሙከራ ባዶ ቤተ ሙከራ አይደለም። ምስማር የበሳው የቆርቆሮ ጣራ ባለበት ቤት ሁሉ የኦፕቲክስ መሣሪያ አለ። ቀዳዳው ባለማዕዘን ቢሆን እንኳ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ክብ ነው፤ ምክንያቱም የቀዳዳው ሳይሆን የፀሐይዋ ምስል ነው። በእኩለ ቀን ከ3 ሜትር ከፍታ የሚወርደው ክብ ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከፍታው ለክቡ ስፋት ሲካፈል 100 ገደማ ይወጣል። ፀሐይ ከምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ የሚያውቅ ልጅ፣ ስፋቷ ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን በማስመሪያ ብቻ ይደርስበታል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ የቀለበት መልክ በያዘችበት ግርዶሽ፣ ደመና ባልጋረዳቸው ቤቶች የቀዳዳው ክብም አብሮ መልኩን ለውጧል። ከሺሕ ዓመት በፊት ገደማ የኖረው የባስራው ሊቅ ኢብን አል ሀይሰም የግርዶሽን ምስል የመረመረው በዚሁ በጠባብ ቀዳዳ ነበር።

ሌላም ችግር አለ። ከተማው በሰፋ ቁጥር የመንገዱና የሕንጻው መብራት ወደ ሰማይ እየተበተነ የእንጦጦን ሌሊት ያነጣዋል። ክረምት በገባ ጊዜ ደግሞ ደመናው ለወራት ይጋርዳል። በላሊበላ አካባቢ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ተራሮች ለቴሌስኮፕ መትከያ መጠናታቸው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁንና የከተማውን መብራት ወደ መሬት እንዲያይ አድርጎ መከለልም የብርሃን መሐንዲስ ሥራ ነው። መንገደኛው እግሩ ሥር ይበራለታል፤ ከላዩም ከዋክብቱ አይጠፉበትም።

እንግዲህ ኦፕቲክስን መማር ትርፉ አንድ ተጨማሪ ዲግሪ ብቻ አይደለም። መሣሪያ በገንዘብ ይገኛል፣ በልግስናም ይገኛል። መሣሪያው ሲዋሽ «ዋሸ» የሚል ሰው ግን በትምህርት ካልሆነ በቀር አይገኝም። የራሷን ዐይን ስሕተት የምታውቅ አገር ከሌላ ዐይን የምትዋሰው እያነሰ ይሄዳል። ለዚህም መምህሩ ጠመኔውን ለጊዜው አኑሮ፣ ተማሪው ብርሃኑን በገዛ እጁ እንዲለካ ቢያደርግ መንገዱ ተጀመረ ማለት ነው።