ባሕር የማይደርስ ውሃ

የጨርጨር ተራሮች የዝናባቸውን ውሃ ለሁለት ያካፍላሉ። በሰሜን ገጽ የወረደው ወደ አዋሽ ይገባል፤ በደቡብ ገጽ የወረደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይነጉዳል። አዋሽ የአፋርን ምድር አቋርጦ በጅቡቲ ወሰን ከአቤ ሐይቅ ሲደርስ ያበቃል። ዋቢ ሸበሌም ብዙውን ጊዜ ሕንድ ውቅያኖስን ሳያይ በሶማሊያ ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይሰወራል። እንግዲህ በመሰላ ከተማ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ፣ ወዴትም አቅጣጫ ቢወርድ፣ ባሕር አይደርስም።

በመሰላ ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ይህን ነገር በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር ይናገሩታል። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት መሥመሮችን በጠመኔ ያወርዱና ሁለቱንም መኻል መንገድ ላይ ይተዋቸዋል። ተማሪዎቹ ይሥቃሉ። መምህሩ ግን አይሥቁም፤ ለምን እንደማይሥቁ ጠይቋቸው የሚያውቅ ተማሪም አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ትምህርቱ በተለመደው መንገድ አልሄደም። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ በእጅ ስልኳ አንድ ፎቶግራፍ ይዛ ወደ ሰሌዳው ቀረበች። ፎቶግራፉ በዚያው ክረምት ዓለምን የዞረው ነው። ብራዚላዊው ጋብርኤል ሜዲና ከውቅያኖሱ በላይ በአየር ላይ ቆሞ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ የሚጋልብበት ሰሌዳም ከጎኑ ቀጥ ብሎ ይታያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪሱ ኦሊምፒክ የማዕበል ግልቢያ ውድድር ላይ ያነሳው ፈረንሳዊው ጀሮም ብሩዬ ነው።

«መምህር፣ ይህ ሰው የቆመው በምን ላይ ነው?» ስትል ጠየቀች።

«አሁን በምንም ላይ አልቆመም። ማዕበሉን ጋልቦ ጨርሶ ወደ ላይ መውጣቱ ነው። ይልቅ ከጥቂት ሴኮንድ በፊት የቆመበትን ብትጠይቂኝ ይሻላል» አሏት።

መምህሩ ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ይህንንም ከተማሪዎቻቸው አልደበቁም። የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነው። ውድድሩ የፓሪስ ይባል እንጂ ቦታው ከፓሪስ 15,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በደቡብ ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚገኘው የታሂቲ ደሴት ነው። የመንደሩ ስም ቴአሁፖኦ ይባላል። የመኪናው መንገድ እዚያ ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራና ባሕር ነው። ማዕበሉ የሚሰበረውም በመንደሩ ዳርቻ ሳይሆን ከየብስ ርቆ፣ ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በብዙ ሺህ ዘመን ከአጽማቸው በገነቡት የድንጋይ ግንብ ላይ ነው።

ማዕበሉ ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት መምህሩ ገመድ አስመጡ። አንድ ተማሪ ጫፉን ይዞ እንዲያርገበግበው አዘዙት። እርግብግቢቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሄደች፤ ገመዱ ግን ከቦታው አልሄደም። የውቅያኖስ ማዕበልም እንዲሁ ነው። በደቡብ ዋልታ አካባቢ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ባሕሩን ይመታል፤ ጉልበቱም በውሃው ላይ ተሳፍሮ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ውሃው ራሱ ከፍና ዝቅ ብሎ በነበረበት ይቀራል፤ የሚጓዘው ጉልበቱ ነው።

ጥልቅ በሆነው ባሕር ላይ ይህ ጉልበት መርከብን ቀስ አድርጎ አንሥቶ ያስቀምጣል እንጂ አይጎዳም። አደጋው የሚመጣው ከሥር ያለው ምድር ሲቃረብ ነው። አሸዋማ ዳርቻ እንደ ገራገር ቁልቁለት ቀስ በቀስ ከፍ ስለሚል ማዕበሉ ቀስ በቀስ ይደክማል። የኮራል ግንብ ግን ከጥልቁ ውሃ በድንገት እንደ ገደል ይነሣል። የማዕበሉ እግር ግንቡን ሲመታ ይዘገያል፤ አናቱ ግን በነበረው ፍጥነት ይገሠግሣል። «ሲሮጥ ድንጋይ ያደናቀፈው ሰው በምን በኩል ይወድቃል?» ብለው ጠየቁ። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «በፊቱ!» አሉ። ማዕበሉም በፊቱ ይወድቃል። ሲወድቅም ውስጡ ባዶ የሆነ የውሃ ዋሻ ይሠራል። ጋላቢው የሚገባው በዚያ ዋሻ ውስጥ ነው። ከእግሩ በታች ያለው ውሃ ስስ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ድንጋይ ነው።

ስለዚህ ነው እንዲህ ያለው ቦታ ልምድ ለሌለው ሰው የማይሆነው። ጀማሪ በአሸዋ ላይ ቢወድቅ ጨው ውሃ ጠጥቶ ይነሣል፤ በኮራሉ ላይ ቢወድቅ ግን የሚነሣበት ጊዜ ላያገኝ ይችላል። ልምድ ያላቸው ጋላቢዎች እንኳ እንደደረሱ ዘለው አይገቡም። በግንቡ መኻል ውሃው ወደ ባሕር የሚመለስበት ጥልቅ መተላለፊያ አለ፤ በዚያ ተቀምጠው ይመለከታሉ። ማዕበሎቹ ስንት ስንት ሆነው እንደሚመጡ ይቈጥራሉ። የትኛው እንደሚከፈት፣ የትኛውም በአንድ ጊዜ እንደሚዘጋ ይለያሉ። ከእነርሱ በፊት በዚያ ውሃ ላይ ላደገው ሰው ተራ ይሰጣሉ። ቀኑ ካልሆነም ሰሌዳቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ፤ በዚህም የሚያፍር የለም።

በዚያ ኦሊምፒክ ከወንዶች የወርቁን ሜዳይ ያገኘው ካውሊ ቫስት የታሂቲ ልጅ ነው። ዓለም ቴአሁፖኦን በቴሌቪዥን ከማየቱ በፊት እርሱ በልጅነቱ ያንኑ ውሃ ሲያነብ ኖሯል። የመንደሩ ሰዎችም ግንቡን እንደ ቤታቸው አጥር ይጠብቁታል። ለዳኞች የአሉሚኒየም ማማ ለመትከል በኅዳር 2016 ዓ.ም. ሙከራ ሲደረግ ጀልባ ኮራሉን በመስበሩ ሕዝቡ ተቃውሞውን አሰምቷል፤ የማማውም መጠን አስቀድሞ ተቀንሶ ነበር። ማዕበሉን የሚሠራው ግንቡ መሆኑን ያውቃሉና ነው።

በአንድ ዘመን «ተፈጥሮን ድል መንሳት» የሚል ቃል በየመድረኩ ይሰማ ነበር። መምህሩም በወጣትነታቸው ደጋግመው ብለውታል። የማዕበል ጋላቢው ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ማዕበልን ድል የነሳ ሰው የለም። ሰሌዳው ላይ የቆመው ሰው የማዕበሉን ሕግ ያወቀና ከሕጉ ጋር አብሮ የሄደ ነው። ከሕጉ አንድ ክንድ ቢያፈነግጥ ማዕበሉ አይምረውም፤ ሜዳይ ማጥለቁንም አይጠይቅም።

ተማሪዋ ግን አልተቀመጠችም።

«ለመማር ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ዓመታት።»

«ዋና የማይችል ሰውስ?»

በዚህ ጊዜ መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡ። ልጅቷ ስለ ታሂቲ እየጠየቀች እንዳልሆነ ገባቸው። ታላቅ ወንድሟ ከሦስት ቀን በፊት ማንንም ሳይሰናበት ከቤት ወጥቷል። መንገዱም የታወቀ ነው፤ ከጭሮ ወደ ሚኤሶ፣ ከሚኤሶ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም ወደ ኦቦክ፤ ከኦቦክ ማዶ የመን ይታሰባል። በመሰላ የሚፈስሰው ውሃ ባሕር አይደርስም፤ የመሰላ ልጆች ግን ይደርሳሉ።

መምህሩ አርባ ዓመት ያህል ያልተናገሩትን ነገር የተናገሩት በዚያን ሰዓት ነው።

ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ማሽላ የጫኑ ግመሎችን ተከትለው ወደ ሚኤሶ ቆላ ወረዱ። መንገዱን የሚመሩት አንድ ሽማግሌ ግመል ነጂ ነበሩ። ከደረቅ ወንዝ ሲደርሱ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ታቃጥል ነበር፤ በደጋው ላይ ግን ጠዋት ዘንቦ ኖሯል። በወንዙ ውስጥ ከጉልበት የማያልፍ ደፍራሽ ውሃ ይወርዳል። ሽማግሌው ግመሎቹን አንበረከኩና ተቀመጡ። ወጣቶቹ ቸኮሉ፤ ገበያው ሊያልፍ ነው። ጓደኛቸው «ባለፈው ወር ከዚህ የበለጠውን ሲሻገሩት አይቻለሁ» አለ። ሽማግሌው «የዚያን ቀን ውሃው እየጎደለ ነበር፤ ዛሬ እየመጣ ነው» ብለው ብቻ መለሱ።

ወጣቱ የሽማግሌውን መሻገር አይቶ ነበር፤ ከመሻገራቸው በፊት ግን ምን ያህል ተቀምጠው እንደተመለከቱ አላየም። በውሃው ላይ ትኩስ ቅጠልና እንጨት መብዛቱን፣ የአረፋውን መጥቆር፣ ከታች ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ የሚያሰማውን የታፈነ ድምፅ አላስተዋለም። ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ከወንዙ እኩሌታ ሲደርስ ከላይ ጎርፉ እንደ ግድግዳ መጣ። መምህሩ ያዩት ይህን ብቻ ነው። ሽማግሌው ግመሎቹን ትተው እስኪመሽ በዳርቻው ሮጡ። አስከሬኑ የተገኘው በማግስቱ ነው።

«እርሱ ፈሪ አልነበረም» አሉ መምህሩ። «ድፍረት አላነሰውም። ያነሰው ያንን ውሃ ማወቅ ነበር። እኔም አልከለከልሁትም፤ ሽማግሌውን የማምነው ያህል እርሱንም አምን ነበርና።»

ክፍሉ ጸጥ አለ።

ነገሩ የወጣትነት ጥድፊያ ብቻ እንዳይመስል መምህሩ ሌላም ምሳሌ ጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዛዊው መኮንን በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ ጓድ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ የዓባይን ሸለቆ በጀልባ ወርዷል። ሰዎቹ የሠለጠኑ ወታደሮችና ሊቃውንት፣ መሣሪያቸውም የተሟላ ነበር። ሆኖም ከመካከላቸው አንዱን ውሃ ወሰደው። የወሰደውም የዓባይ ፏፏቴ ሳይሆን ሊሻገረው የገባበት ገባር ወንዝ ነው። ያገሬው ሰው ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ቴአሁፖኦና ኦቦክ በአንድ ትምህርት ውስጥ የተገናኙት በዚህ ምክንያት ነው። በታሂቲ ሜዲና ወደ ሰማይ ጣቱን በቀሰረበት በዚያው 2016 ዓ.ም.፣ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ባሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ፣ በኦቦክ አውራጃ ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ብዙ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ናቸው። በአንደኛው ባሕር ላይ ወጣቱ ማዕበሉን ራሱ ይመርጣል፤ ቢወድቅ የሚያወጣው የነፍስ አድን ሠራተኛ በመተላለፊያው ላይ ይጠብቀዋል፤ ቀኑን ካልወደደው ይመለሳል። በሌላኛው ባሕር ላይ ወጣቱ ሌሊት በተጨናነቀ ጀልባ ይጫናል። ጀልባውን፣ ሰዓቱን፣ ነጂውንም አልመረጠም። ደላሎች ተሳፋሪውን ከዳርቻው ሳያደርሱ ወደ ውሃ የጣሉበት ጊዜም አለ። ድፍረቱ ከታሂቲው ልጅ ድፍረት አያንስም፤ ምናልባትም ይበልጣል። በመተላለፊያው ላይ ተቀምጦ የመመልከቻ ጊዜ የሰጠው ግን የለም።

ከትምህርት በኋላ መምህሩ ወደ ልጅቷ ቤት ሄዱ። እናትየዋ ቡና አቀረቡ፤ የማንም እጅ ወደ ሲኒው አልተዘረጋም። ልጁ ገና ድሬዳዋ መሆኑ ታወቀ፤ እህቱ ደወለች፤ ስልኩንም ለመምህሩ ሰጠች።

መምህሩ ልጁን አልተቈጡትም። «አገርህ ይሻልሃል» ብለውም አልሰበኩትም። መሬቱ ለሦስት ወንድማማቾች እንደማይበቃ፣ የጫትና የቡና ዋጋ በማን እጅ እንዳለ እርሱ ከእርሳቸው ይልቅ ያውቃል። የነገሩት ስለ ደረቁ ወንዝ ነው። ሽማግሌው ምን እንዳዩ፣ ጓደኛቸው ምን እንዳላየ አንድ በአንድ ነገሩት። በመጨረሻም፣

«አንተን የሚያሻግረው ሰው ውሃውን ያውቀው እንደሆነ ጠይቀኸዋል? ቀኑ ካልሆነ ይመልስሃል?» አሉት።

በስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«አልጠየቅሁም» አለ ልጁ።

እመለሳለሁ አላለም፤ አልመለስምም አላለም። ነገ ማታ እንደሚደውል ተናግሮ ዘጋ።

ውጪ መዝነብ ጀምሮ ነበር። መምህሩ ከበራፉ ቆመው ውሃው በመንገዱ ዳርና ዳር ለሁለት ተከፍሎ ሲወርድ ተመለከቱ። ልጅቷም መጥታ ከጎናቸው ቆመች። ቤታቸው ከማዶ ነው፤ ቦዩ ጠባብ ነው፤ አንድ እርምጃ ይበቃዋል። መምህሩ ግን አልተሻገሩም። ውሃው እየመጣ ይሁን እየጎደለ እስኪለዩ ድረስ ቆሙ።