የወህኒ በርና የዕለቱ ክኒን

አማርኛ ሰው የሚታሰርበትን ስፍራ በብዙ ስም ጠርቶታል። ግዞት ቤት ብሎታል፤ ወህኒ ብሎታል፤ ከጣልያንኛ ወስዶ ከርቸሌ ብሎታል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ለአዲስ አበባው ማዕከላዊ ወህኒ ቤት የወጣለት «ዓለም በቃኝ» የሚለው ስም ነው። ስሙ እንደ መነኩሴ ስንብት ይሰማል፤ ልዩነቱ መነኩሴው ዓለምን በፈቃዱ ሲሰናበት እስረኛው ተገድዶ መሆኑ ነው። ያ ወህኒ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ተሠርቷል። በስሙ ውስጥ ያለው አሳብ ግን ከግንቡ ጋር አልፈረሰም። የታሰረ ሰው ከዓለም የወጣ ነው፤ ስለዚህም የዓለሙ ጉዳይ፣ ሕክምናውም ጭምር፣ አይመለከተውም የሚለው አሳብ ዛሬም በብዙዎች ልብ ይኖራል። በኤች አይ ቪ ዘመን ይህ አሳብ ሕይወት አስከፍሏል።

እውነቱ ሌላ ነው። ወህኒ ገብቶ በዚያው የሚቀር ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ታራሚ አንድ ቀን ይፈታል። የቀጠሮ እስረኛው ከጣቢያ ወደ ችሎት፣ ከችሎት ወደ ማረሚያ ቤት ይመላለሳል። ጠባቂው ተረኝነቱን ጨርሶ ማታ ከልጆቹ ጋር ራቱን ይበላል። ጠያቂው ስንቁን ይዞ ይገባል፤ ባዶውን ሳህን ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በ2014 በማናቸውም ቀን በዓለም ወህኒ ቤቶች ከነበሩት 10.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች 3.8 በመቶው፣ ማለትም 389,000 ያህሉ፣ ቫይረሱ በደማቸው እንደሚገኝ ገምቷል። እነዚህ ሰዎች የአንድ መንደር ልጆች፣ የአንዲት ሴት ባሎች፣ የአንድ ሕፃን እናቶች ናቸው። ጤናቸውም ሆነ ሕመማቸው ከነሱ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል።

በግንቡ ውስጥ አደጋው የሚበዛበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። ለጥቂቶች በተሠራ ክፍል ብዙዎች ይተኛሉ፤ መስኮቱ ጠባብ ነው፤ የአንዱ ሳል የሁሉም ሳል ነው። በኤች አይ ቪ የተዳከመ ሰውነት ለሳንባ ነቀርሳ የተከፈተ ደጅ ነው፤ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎችን ከሌላው በሽታ ሁሉ ይበልጥ የሚገድላቸውም ይኸው ነቀርሳ ነው። አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው ያገለግላል፤ ንቅሳት በተደበቀ ጥግ ይነቀሳል። በፈቃድም በግድም የሚፈጸም ግንኙነት አለ፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይናገረውም። በብዙ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ሕጉ በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚደረግን ግንኙነት ወንጀል ስለሚያደርግ፣ ኮንዶም ወደ ወህኒ ማስገባት ወንጀሉን እንደ መፍቀድ ይቆጠራል። ታዲያ በግድ የተደፈረ ወጣት ለማን ይናገር? ቢናገርስ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ያለበትን የመከላከያ መድኃኒት ማን ይሰጠዋል?

እ.ኤ.አ. በ2013 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከያ ጽሕፈት ቤት ከሌሎች የድርጅቱ ተቋማት ጋር ሆኖ በወህኒ ቤቶች ሊፈጸሙ የሚገባቸውን 15 ተግባራት በአንድነት አቅርቧል። ትምህርትና መረጃ፣ ኮንዶም፣ የፆታ ጥቃትን መከላከል፣ በፈቃድ የሚደረግ ምርመራ፣ ፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና፣ የነቀርሳ ምርመራና ሕክምና፣ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚደረግ ክትትል ከነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። የማረሚያ ቤት ሠራተኞችን ከአደጋ መጠበቅም ከ15ቱ አንዱ ነው። ዝርዝሩን የተመለከተ የጤና ባለሙያ አንድም እንግዳ ነገር አያገኝበትም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በየጤና ጣቢያው የታወቀ ሥራ ነው። አዲስ መድኃኒት መፈልሰፍ አላስፈለገም። የሚያስፈልገው የታወቀው ሥራ የወህኒውን በር እንዲያልፍ ማድረግ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገሬው ሰው። ተረቱ ከወህኒ ውጭ እውነት ነው። በወህኒ ውስጥ ግን በሽታውን ያልደበቀ ሰው የሚተኛበትን ቦታ፣ አብሮት የሚበላውን ሰው፣ አንዳንዴም ደኅንነቱን ሊያጣ ይችላል። ስድሳና ሰባ ሰው በሚያድርበት ክፍል ምሥጢር የሚቀመጥበት ኪስ የለም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚዋጥ ክኒን፣ ሲነቀነቅ የሚንሿሿ ብልቃጥ፣ በየጊዜው ለክሊኒክ የሚጠራ ስም፤ እነዚህ ሁሉ ሳይናገሩ ይናገራሉ። ካቦው ያያል፤ ጎረቤቱ ይጠይቃል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወሬው ከዞን ዞን ይደርሳል። ስለዚህ ታራሚው ክኒኑን ይደብቃል፤ መደበቂያ ሲያጣ ይጥለዋል። ይህን ያየ ሰው «ግዴለሽ ነው» ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ሰው ሁለት ሞት ቀርቦለት የራቀውን የመረጠ ነው። ምሥጢሩን ለመጠበቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የራስ ምታቱም፣ የስኳሩም፣ የኤች አይ ቪውም መድኃኒት በአንድ መስኮት ቢታደል፣ ክኒኑ ስም በሌለው ዕቃ ቢሰጥ፣ የሕክምና ካርዱ በሐኪም እጅ ብቻ ቢቀመጥ ብዙ ሕይወት ይተርፋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሕክምናው የሚሰበረው በበሮቹ ላይ ነው። ወህኒ አንድ በር ያለው ይመስላል እንጂ ብዙ ነው። የመጀመሪያው በር የፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ሰውየው ከመንገድ ተይዞ ሲገባ መድኃኒቱ ቤት ቀርቷል፤ ላምጣ ቢል ምሥጢሩን ለማያውቀው ሰው መግለጥ አለበት። ሁለተኛው በር ዝውውር ነው፤ ታራሚው ሌሊት ወደ ሌላ ከተማ ማረሚያ ቤት ሲጫን የሕክምና መዝገቡ ከኋላው አይጫንም። ሦስተኛው የችሎት ቀን ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ ሰው የክሊኒኩ ሰዓት ያልፈዋል። አራተኛውና የማይጠረጠረው በር የመፈቻው በር ነው፤ አመክሮ ወይም ይቅርታ ድንገት ይመጣል፣ ሰውየው በደስታ እየሮጠ ይወጣል፣ በኪሱ ግን የነገው ክኒን የለም። ይህ መድኃኒት ደግሞ መቋረጥን አይታገሥም። በየቀኑ ሲወሰድ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይመነምናል፤ እዚያ ደረጃ የደረሰ ሰውም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላው አያስተላልፍም። ሲቋረጥ ግን ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፤ በመቋረጥና በመቀጠል መካከልም መድኃኒቱን ይለምዳል። እንግዲህ በአራቱ በሮች ላይ የተረሳ ክኒን ዋጋውን የሚከፍለው ታራሚው ብቻ አይደለም፤ በደጅ የምትጠብቀው ሚስቱም ናት።

በሩን የሚያልፍ ሕክምና ችሮታ ነው ወይስ መብት? ይህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2006 በደቡብ አፍሪካ ደርባን ከተማ በፍርድ ቤት ፊት ቀርቧል። በዌስትቪል ወህኒ ቤት ይኖሩ የነበሩ 15 ታራሚዎች፣ ለሕክምና መብት ከሚሟገት ማኅበር ጋር ሆነው መንግሥትን ከሰሱ። ስማቸው በመዝገቡ ላይ በፊደላት ብቻ ተጻፈ። መድኃኒቱ በአገሪቱ ሆስፒታሎች መሰጠት ጀምሮ ነበር፤ ወደነሱ የሚደርስበት መንገድ ግን በአሠራር ተዘግቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ እንቅፋቶቹ ተነሥተው ሕክምናው እንዲሰጥ አዘዘ። መንግሥት ይግባኝ ለማለት ተነሣ፤ ክርክሩም ቀጠለ። ከ15ቱ አንዱ ክርክሩ እልባት ሳያገኝ በዚያው ዓመት ሞተ። የተፈረደበት የእስራት ቅጣት ነበር እንጂ የሞት አልነበረም።

በዚያችው አገር ከዚያ በፊት ሌላ ታራሚ ታምመው ነበር። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ለውትድርና ሥልጠና አዲስ አበባ መጥተው፣ ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ተይዘው 27 ዓመት ታስረዋል። በ1988 በፖልስሙር ወህኒ ሳሉ የሳንባ ነቀርሳ ያዛቸው፤ ሆስፒታል ተወስደው ታከሙና ዳኑ። በ2005 ደግሞ ልጃቸው በኤድስ መሞቱን ሳይደብቁ በአደባባይ ተናገሩ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2015 ስለ እስረኞች አያያዝ ያጸደቀው ደንብ በስማቸው መጠራቱ ተገቢ ነው። የማንዴላ ደንብ 24ኛ አንቀጽ የታራሚ ጤና የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን፣ ሕክምናውም ውጭ ካለው ሕዝብ ሕክምና ማነስ እንደሌለበት፣ ያለ ክፍያና ያለ አድልዎ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። የኤች አይ ቪና የነቀርሳ ሕክምና እንዳይቋረጥ ሁለቱን በሽታዎች በስም ጠርቶ ያዝዛል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝና ከሐኪሙ ጋር እንዲገናኝ መብት ሰጥቷል።

መብት ግን በባዶ ሆድ አይዋጥም። በኢትዮጵያ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ምግቡ ግን ሌላ ነገር ነው። በብዙ የአካባቢያችን ወህኒ ቤቶች ታራሚ ጤናማ ሆኖ የሚቆየው ቤተ ሰብ በሚያመላልሰው ስንቅ ነው። ዘመዱ የራቀበት፣ ወይም ሕመሙ ከተሰማ ወዲህ ጠያቂ የቀረበት ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይራባል። የዛምቢያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ የሉሳካ ታራሚዎች ያቀረቡትን አቤቱታ ሰምቶ፣ መንግሥት የምግቡን ይዘት እንዲያሻሽልና መጨናነቁን እንዲቀንስ ሲያዝዝ ይህንኑ መመስከሩ ነበር። ምግብ የሕክምናው አካል ነው።

ወህኒ ራሱ ሕክምና ይሆናል ብሎ ያሰበም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኬንያ፣ መድኃኒታቸውን አቋረጡ የተባሉ የነቀርሳ ሕሙማን እስከ ስምንት ወር ታስረው እንዲታከሙ ተፈርዶባቸው ወህኒ ገቡ። ተላላፊ የሳንባ በሽታ ያለበትን ሰው በተጨናነቀ ክፍል መዝጋት፣ እሳትን ጭድ ውስጥ እንደ መደበቅ ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2016 ይህ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን ፈረደ። ፍርሃት ሰውን ወደ ሐኪም አያመጣውም፤ ከሐኪም ያሸሸዋል።

በዚህ ሥራ ላይ ሌላ ሥጋትም ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ፣ በአፍሪካ ብዙ የኤች አይ ቪ አገልግሎቶች ተናግተዋል። ውጭ ያለ ሰው አንዱ ክሊኒክ ቢዘጋበት ሌላውን ፍለጋ ይሄዳል፤ ታራሚ ግን የሚሄድበት እግር የለውም፤ ሌላው እስኪያስበው ይጠብቃል። ለዚህም ነው ይህ ሥራ በለጋሽ ፈቃድ ላይ ብቻ ሊንጠለጠል የማይገባው። ያሰረው መንግሥት ነው፤ አሳሪም የባለ ዕዳነቱን ያህል ይጠየቃል።

«ማረሚያ ቤት» የሚለው የዛሬው ስም ከሁሉ የተሻለ ስም ነው። የሚያርም ገበሬ አረሙን ከቡቃያው ለይቶ ይነቅላል እንጂ ማሳውን አያቃጥልም። ስሙ እውነት የሚሆንበት ቀን ግን በአዋጅ አይታወቅም፤ አንድ ታራሚ በሚፈታበት ጠዋት ይታወቃል። ዕቃውን ሲረከብ የአንድ ወር መድኃኒት፣ የሕክምናውን ታሪክ የያዘች የታሸገች ወረቀት፣ በትውልድ ቀበሌው አቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ስምና የቀጠሮው ቀን አብረው ከተሰጡት፣ ያ ሰው ከወህኒ በሕይወት ወጥቷል ማለት ይቻላል።