ከመቃኞ እስከ ወረኢሉ

የእኛ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ካጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ በሲሚንቶ ተሞላ፣ እንደገና ተሰነጠቀ። በመጨረሻ ባለሙያዎች አይተው «ሰው ባይገባበት ይሻላል» አሉና ፈረሰ። ታቦቱ በግቢው ጥግ በቆርቆሮ ወደተሠራ መቃኞ ገባ። ክረምት ላይ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው የቅዳሴው ድምፅ አይሰማም። በጋ ላይ ደግሞ ሕፃን የታቀፉ እናቶች ሙቀቱን ሸሽተው የዛፍ ጥላ ሥር ያስቀድሳሉ። «ሕንፃው ሲያልቅ እንመለሳለን» ብለው ወደ ጎረቤት አጥቢያ የሄዱ ቤተሰቦችም አሉ።

የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው የማርኬቲንግ ሠራተኛ መሆኔን ሲሰማ የገቢ ማሰባሰቢያውን በራሪ ወረቀት እንዳዘጋጅ ጠየቀኝ። ለእኔ የዘወትር ሥራዬ ነው። አርክቴክቱ የሠራውን ሥዕል ገጹን ሙሉ አስገባሁት፤ ሦስት ጉልላት፣ ከሥር ትልቅ አዳራሽ፣ በመንገዱ በኩል የሚከራዩ ሱቆች። ያማረ ነበር። ግን ከሥዕሉ ሥር የሚገባውን አንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ አቃተኝ። ሳልጨርሰው ጥር ደረሰና ከባለቤቴና ከሰባት ዓመት ልጃችን ጋር አባቴ ወደተወለደበት ወደ ወረኢሉ ሄድን።

አዲስ አበባን በጠዋት ለቆ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደሴ ማደር ይሻላል። ከደሴ ወረኢሉ 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆንም ከልጅ ጋር በችኮላ የሚኬድ መንገድ አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ደሴ ላይ ጠይቁ። ከከተማው ወጥታችሁ ዳገቱን ስትጨርሱ ደጋው ይቀበላችኋል። ጉጉፍቱ ላይ መስኮት የከፈተ ሰው ወዲያው ይዘጋዋል። እኛ ስናልፍ የገብስ ውቂያ ወቅት ነበርና በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ። እረኞቹ ባና ተከናንበዋል፤ ልጄ ደግሞ በአንድ ሹራብ እየተንቀጠቀጠ «እማ፣ እነሱ ለምንድን ነው የማይበርዳቸው?» ይለኛል። ጊዜ ያለው ቤተሰብ ወደ ምዕራብ ቀጥሎ እስከ መካነ ሰላም ቢዘልቅ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበትን የቦረና ሳይንት ፓርክ ያገኛል። እኛ ግን የሄድነው ለዘመድ ጥየቃ ነውና ወረኢሉ ላይ ቆምን።

«ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው። ወረኢሉ የኢሉ ቤት፣ የኢሉ ወገን ነው እንግዲህ። ቀዝቃዛ፣ ነፋሻማ፣ ዝግ ያለች ከተማ ናት። አብዛኞቻችን ስሟን የምናውቀው ከዓድዋ ታሪክ ነው። አፄ ምኒልክ መስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋ ጦር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ወረኢሉ ላይ እንዲከት አዘዙ። ልጄ ይህን በትምህርት ቤት ሰምቶታልና ከመኪና እንደወረደ የጠየቀው «ወታደሮቹ የት ተኙ?» ብሎ ነው። ድንኳን ውስጥ አልኩት። «ቤተ ክርስቲያኑስ?»

እሱም ድንኳን ውስጥ ነበር። ወደ ዓድዋ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ዘምቷል፤ በዘመቻ ጊዜ ድንኳን ተተክሎ ይቀደሳል። ዛሬ አራዳ ላይ የምናየው ስምንት ማዕዘን የጊዮርጊስ ሕንፃ የተሠራው ከድሉ በኋላ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው። ያም ሕንፃ ብዙ አልቆየ፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ወታደሮች አዲስ አበባን ሲፈጁ እሳት ለቀቁበት። የታደሰው ከነፃነት በኋላ ነው። በየዓመቱ የዓድዋን በዓል የምናከብርበት ቤተ ክርስቲያን አንዴ ድንኳን፣ አንዴ የተቃጠለ ግድግዳ እንደነበረ እዚያ ቆሜ እስካስብ ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም።

ይህ ደጋ ደግሞ ከአራዳ በፊት የከፋ አይቷል። በድሮው አጠራር ቤተ አምሐራ የሚባለው አገር ነው፤ ነገሥታቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ያሠሩበት፣ የተቀበሩበት። አትሮንሰ ማርያምን አፄ በእደ ማርያም አሠሩ። መካነ ሥላሴን (ከመካነ ሰላም ከተማ ጋር እንዳይምታታባችሁ) አፄ ናዖድ ጀመሩት፤ ሳይጨርሱት በ1500 ዓ.ም. ሞቱና ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ፈጸሙት። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ጥርብ ድንጋዩና ስለ ጌጡ ጽፏል። ከእሱ ይበልጥ የሚገርመው ግን የሌላው ወገን ምስክርነት ነው። የኢማም አሕመድ ኢብራሂምን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ፣ ኢማሙ ወደ ውስጥ ገብተው በወርቅና በብር ሥራው እንደተደነቁ፣ አብረዋቸው የነበሩትን ዐረቦችም እንዲህ ያለ ቤት በሩም ወይም በሕንድ አለን ብለው እንደጠየቁ ይተርካል። የለም ተባሉ። በዚያው በ1524 ዓ.ም. ተቃጠለ። አትሮንሰ ማርያምም እንዲሁ።

ንጉሡ አገር ለአገር ሲሳደዱ ኖረው ደብረ ዳሞ ላይ ዐረፉ። ልጃቸው አፄ ገላውዴዎስ ግን ጦርነቱን ካሸነፉ በኋላ በዚሁ በምዕራቡ ደጋ፣ ሳይንት ውስጥ፣ ተድባበ ማርያምን አሠሩ። እስከ ዛሬ ይቀደስባታል። የመካነ ሥላሴ ወርቅ አልተመለሰም። ካህናቱና ምእመናኑ በየዋሻውና በየደሴቱ ሸሽገው ያዳኗቸው መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ግን ብዙ ናቸው። እሳት በደረሰበት ሰዓት የሚሮጥ ሰው ምን ይዞ እንደወጣ ልብ በሉ። ጉልላት የተሸከመ የለም።

ማታ አክስቴ ቤት ቡና ተፈላ። የወሎ ቡና ቶሎ አያልቅም፤ ከቆሎው በኋላ ዳቦ፣ ከዳቦው በኋላ ጨዋታ። የአባቴ የአጎት ልጅ የሆኑት አጎቴ ሙስሊም ናቸው፣ አክስቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናት፣ በእኛ ቤተሰብ ይህ ወሬ ሆኖ አያውቅም። ወሎ ውስጥ መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሙስሊሙ ድንጋይና እንጨት ማዋጣቱ የቆየ ነው። ከ500 ዓመት በፊት ያ ሁሉ በተቃጠለበት ምድር ላይ መሆኑ ነው ለእኔ የሚደንቀኝ፤ እነሱን ግን አይደንቃቸውም።

የአጥቢያችንን ነገር ስነግራቸው አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ፈረሰ? ታዲያ አሁን የት ነው የምትጸልዩት?»

«መቃኞ ውስጥ ነው፣ ጋሼ።»

«ያፈሳል?»

ያፈሳል አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ሥዕሉን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። መቼ እንደሚያልቅ ጠየቁኝ።

«ገንዘቡ ከተገኘ በ5 ዓመት።»

«አምስት ክረምት» አሉ። ስልኩን ወደ ልጄ አሳዩትና «ይህ ልጅ እስከዚያ ዐሥራ ሁለት ሊሞላው አይደል? የት ሆኖ ነው የሚማረው?» አሉ።

አክስቴ ከረከቦቱ ቀና ሳትል «በእኛ ጊዜማ መቃኞው ነበር የሚቀድመው» አለች። «እሱ ጠብቆ ከተሠራ ታላቁ ቤት ቢዘገይም ይዘገያል እንጂ ሰው አይበተንም።»

በመመለሻው መንገድ ይህ አልለቀቀኝም። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ወንበር የላቸውም። አንድ ወንበር፣ አንድ የማያፈስ ጣሪያ፣ ለአብነት መምህሩ ደመወዝ፤ እኔ ካዘጋጀሁት በራሪ ወረቀት ላይ አንዱም የለም። ጉልላቱ ብቻ ነው ያለው።

አዲስ አበባ ስንገባ ወረቀቱን እንደገና ሠራሁት። መጀመሪያው ገጽ ላይ መቃኞውን አስገባሁ፤ እንዲስፋፋ፣ ጣሪያው ድምፅ በማያስተጋባ ነገር እንዲሸፈን፣ ከጎኑ ሁለት የመማሪያ ክፍል እንዲሠራ፤ ትልቁን ሕንፃ ወደ ሁለተኛው ገጽ አወረድኩት። ኮሚቴው ውስጥ ክርክር ተነሳ። አንድ አባል፣ እንደ እኔው የንግድ ሰው ናቸው፣ «ሰው ለጉልላት ይሰጣል፤ ለሚያፈስ ጣሪያ ማን ይሰጣል?» አሉ። ሙያዬን የማውቅ ነኝና ሐሰት ነው ልላቸው አልቻልኩም። ትልቅ ገንዘብ ትልቅ ሥዕል ይፈልጋል። ለመቃኞው ብዙ ወጪ ካደረግን ሕንፃው ይረሳል ብለው የሚፈሩም አሉ፤ መቃኞ ውስጥ 20 ዓመት የቆየ አጥቢያ በዓይናቸው አይተዋል። ሁለቱም ፍርሃት እውነት ነው። እኔ ግን የሄዱትን ቤተሰቦች እቆጥራለሁ። አምስት ክረምት ሌላ አጥቢያ ያስቀደሰ፣ ልጁን እዚያ ያስተማረ ሰው፣ ሪባን በተቆረጠ ማግስት ይመለሳል ብዬ አላምንም። ውሳኔው ለሚቀጥለው ወር የሰበካ ጉባኤ ተላልፏል።

አጎቴ ስንሰናበት በወረቀት ጠቅልለው የሰጡኝ 500 ብር ነበር። «ለጣሪያው» ብለውኛል፤ ለጣሪያው ብቻ። እሑድ ዕለት ለገንዘብ ያዧ ስሰጣቸው ደረሰኝ አወጡ። ስማቸውን ነገርኳቸው፣ ጻፉ። «የክርስትና ስም» የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ፈገግ አሉ፣ «ወረኢሉ» ብለው ጻፉበትና ቀዳጅተው ሰጡኝ።