ለቅሶ ያልጠራው ጉዞ

በእኛ በዳንግላ አንድ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን፣ ይልቁንም አሮጊት እናቱን አስከትሎ በማለዳ መናኸሪያ ከታየ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማው ጥያቄ «ምነው፣ በሰላም ነው?» የሚል ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ማን ሞተባችሁ? ማለት ነው። ቤተሰብ በሙሉ በሩን ቆልፎ የሚወጣባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸውና፤ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ንግሥ፣ ጠበል። ከእነዚህ ውጭ የሆነ መንገድ ስም የለውም፤ ስም የሌለው ነገር ደግሞ ሰውን ያስደነግጣል።

ይህን የምለው በነቀፋ አይደለም። ሰው ለሰው ሲል ብቻ የሚንቀሳቀስበት አገር ውብ አገር ነው። ነገር ግን እንዲህ ባለው ጉዞ ሁሉ ዐይናችን የሚያርፈው በሌላው ላይ ነው፤ በለቅሶው በሐዘንተኛው፣ በሠርጉ በሙሽራዋ። አብረን የተጓዝነው እኛ ግን እርስ በርሳችን የምንተያይበት ጊዜ መቼ ነው?

በሌላው ዓለም ለዚህ ጥያቄ መርከብ የሚያህል መልስ ተሠርቶለታል። በ2024 እ.ኤ.አ. መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረችው «አይከን ኦቭ ዘ ሲስ» 365 ሜትር ትረዝማለች፤ ሃያ ፎቅ አላት፤ ስትሞላ ከ7,000 በላይ መንገደኞችን ትይዛለች። ከማያሚ ተነሥታ፣ ደሴት ለደሴት ዞራ፣ ወደዚያው ወደ ማያሚ ትመለሳለች። መድረሻዋ መነሻዋ ነው። በውስጧ ያለው ቤተሰብ የሚያደርሰው ዕቃ፣ የሚያስታርቀው ባላጋራ፣ የሚቀብረው ዘመድ የለውም። እንዲሁ በውሃ ላይ ይውላል።

ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ በ1869 እ.ኤ.አ. አገር ጎብኚዎችን ይዞ በግብፅ ዓባይ ላይ በእንፋሎት መርከብ ተንሸራሽሯል። ዛሬም ከሉክሶር እስከ አስዋን ባለው የወንዙ ክፍል፣ ከየአገሩ የመጡ ቤተሰቦች ፎቅ ባላቸው መርከቦች ላይ ሆነው የጥንቱን ቤተ መቅደስ ሁሉ እየተመለከቱ ያልፋሉ። የዚያ ወንዝ ውሃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። የእኛ ዝናብ የሌላውን ዕረፍት ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው።

እኛስ? ኤርትራ ነጻነቷን ካወጀችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም። ሐይቅ ግን አለን። ጣና ከዳንግላ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ውሃ ነው። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. መቀመጫውን ዳንግላ ላይ ያደረገው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን የሐይቁን ዳርቻና ደሴቶቹን ዞሮ አጥንቶ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ አሳትሟል። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ከእኛ ከተማ እየተነሣ ጣናን አዳረሰ። በዚያው ወረዳ ተወልዳ ሰባ ዓመት ያለፋት እናቴ ግን አንድም ቀን ውሃው ላይ አልወጣችም ነበር። ባሕር ዳርን ታውቀዋለች፤ የምታውቀው ግን በሆስፒታልና በሁለት ቀብር ነው።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ሲገባ፣ ልጆቻችን የመንፈቅ ዕረፍት ላይ ሳሉ፣ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን የዓመት ፈቃዴን ጠየቅሁ። ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር አለ። በዚያ መስመር ላይ እስከዚያ ቀን «ሐዘን»፣ «የቤተሰብ ጉዳይ» እያልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ያን ዕለት ብዕሬን ይዤ ጥቂት ቆየሁና «ዕረፍት» ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ፤ «በሰላም ነው?» አለኝ።

እናቴን ማሳመን ግን ከአለቃዬ ይልቅ ከበደ። «ያለ ጉዳይ ምን ይዞኝ እሄዳለሁ? እንግዳ ሰው ቢጠይቀኝስ ምን እላለሁ?» አለች። ለሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከወንድሜ ሕመም ጊዜ ጀምሮ ለናርጋ ሥላሴ የተሳለችው ስለት እንዳለባት አስታወሰች። አንድ ዣንጥላ፣ ጧፍና ዕጣን ተገዛ። እነሆ ጉዳይ ተገኘ፤ ጉዞው ስም አገኘ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዣንጥላውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከሁላችን ቀድማ መናኸሪያ ደረሰች።

በዚያን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ማለዳ፣ ከባሕር ዳር ተነሥታ ዘጌንና ደቅን ነክታ፣ ቁንዝላ አድራ፣ በማግስቱ ጎርጎራ የምትደርስ መጓጓዣ ነበረች። የአካባቢው ሰው ጀልባ ይላታል፤ ልጆቼ ግን መርከብ አሏት፤ እኔም አላረምኳቸውም። መዋኛ ገንዳና የሙዚቃ አዳራሽ አልነበራትም። የነበራት የብረት አግዳሚ ወንበር፣ የሞተር ጉርምርምታ፣ የእህል ጆንያና የታሰሩ ዶሮዎች ነበር። መንገደኞቹ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎች፣ መነኮሳትና ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ነበሩ። በመካከላቸው ያለ ጉዳይ የተቀመጥን እኛ ብቻ ነበርን፤ ከእኛም ውስጥ እናቴ ጉዳይ አላት።

በዘጌ ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ የሚበቅልበትን ደን አየን። ከዚያ ሐይቁ ሰፋ። በስተቀኝ እንደ ሞሰብ ክዳን ሾጠጥ ያለች በዛፍ የተሸፈነች ደሴት ብቅ አለች፤ የነገሥታት አፅም ያረፈባት ዳጋ እስጢፋኖስ ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጄ እንሄድባት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በገዳሙ ሥርዓት ሴት እንደማትገባ ነገርኋት። ፊቷ ተለወጠ፤ «ወንድሜስ?» አለች። እርሱ ሊገባ እንደሚችል ስነግራት ዝም አለች፤ ወንድሟን እንደ ባለዕዳ አየችው። ያን ጊዜ አያቷ ጣቷን ወደ ሌላው ወገን፣ ወደ ሰፊዋ ደሴት ወደ ደቅ ቀሰረች፤ «ያችኛዋን ለወንዶች ሰጧቸው። እዚህኛዋ ላይ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ ሥላሴን አሠራችልን። ሴት ናት ያሠራችው» አለቻት። ንግሥቲቱ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ባሠራችው በዚያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ እስከ ዛሬ ተሥላ ትታያለች። ልጄ ወደ ደቅ ዞራ ተቀመጠች፤ ነገሩ ግን ያለቀላት አልመሰለኝም፤ ማለቅም የለበትም።

ደቅ ስንደርስ የመርከቧ ቆይታ አጭር ነበር፤ በእናቴ ጉልበት ወርዶ፣ ተሳልሞ መመለስ የሚቻል አልሆነም። እናቴ ግን አልተጨነቀችም። ከአጠገቧ የተቀመጠችውን፣ ስሟን እንኳ ያልጠየቀቻትን የደቅ ሴት «ልጄ፣ አንቺ ታደርሽልኛለሽ» አለቻት። ሴትዮዋ ዣንጥላውን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ሳመችው፤ «አደርሳለሁ እማማ፤ ስለትዎን ይቀበልልዎ» ብላ ወረደች። ደረሰኝ የለም፣ ምስክር የለም። ቀኑን ሙሉ ፊርማ ከፊርማ ሳስተያይ የምውል ሰው ነኝና ያንን ርክክብ በአድናቆት ተመለከትሁት።

መርከቧ እንደገና ተነሣች። እናቴ ባዶ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ግራና ቀኝ አየች። ጉዳይዋ አልቋል፤ መንገዱ ግን ገና ነው። መፍተል የለ፣ መልቀም የለ፣ እሳት ማየት የለ፣ ወርዶ መሄድም የለ። በሕይወቴ እናቴን ሥራ ፈትታ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እውነቱን ለመናገር ጉዟችን የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ቁንዝላ ስናቀና በስተግራ ውሃው ደፍርሶ የሚታይበት ቦታ አለ፤ ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ወገን ነው። ከሰከላ ተነሥቶ፣ የእኛን የደጋ ጅረቶች እየሰበሰበ የሚመጣው ወንዝ እርሱ ነው። ይህንን ለእናቴ ስነግራት «የእኛው ውሃ ነዋ!» አለችና ሳቀች። ከዚያም ልጄን ወደ እቅፏ ስባ ታወራት ጀመር። እናቴ አፍ የፈታችው በአውኛ ነው፤ አማርኛው ሲያጥራት ወደ አውኛ እየተሻገረች፣ እኔም እያስተረጎምሁ፣ እንዲህ የሚል ታሪክ ሰማን።

ሰባት ዓመቷ ሳለች ከእናቷ ጋር ከግልገል ዓባይ ማዶ ዘመድ ሊጠይቁ ሄዱ። በሚመለሱበት ቀን ወንዙ ሞላ። ስምንት ቀን ውሃው እስኪጎድል እሰው ቤት ተቀመጡ። «ያን ስምንት ቀን እናቴ ወፍጮ አልያዘች፣ እንጨት አልለቀመች። እንግዳ ናትና ማን ሥራ ይሰጣታል? ፀጉሬን ሠራችኝ፤ አፍርሳ ደግሞ ሠራችኝ። የማላውቀውን ዘፈን ዘፈነችልኝ። ውሃው ጎደለ ሲሉ እኔ አለቀስሁ፤ እሷ ግን ልብሷን ታጥቃ ተነሣች። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት እንደዚያ አላየኋትም።»

በሠላሳ ዓመቴ ይህንን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በአንድ ቤት ኖረናል፤ በየለቅሶው አብረን ተቀምጠናል። ነገር ግን ይህ ታሪክ የሚወጣበት ጊዜ በቤታችን አልነበረም፤ ወሬው ሊጀመር ሲል ቡናው ይገነፍላል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ሰዓት ይደርሳል። አያቴን ያሳረፋት የሞላ ወንዝ ነበር፤ እናቴን ያሳረፋት ሰፊ ሐይቅ ሆነ። የቤታችን ሴቶች ያረፉት ውሃ መንገድ ሲዘጋባቸው ብቻ ነው። መርከብ ለቤተሰብ ምን ይሠራል የሚለኝ ቢኖር መልሴ ይኸው ነው፤ ወርዶ መሄድን ይከለክላል።

ቁንዝላ አድረን በማግስቱ ጎርጎራ ደረስን። በ1618 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይን ያየው እስፓኛዊ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከአራት ዓመት በኋላ የሞተው እዚያ ነው። ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን በጎንደር በኩል በመኪና ተመለስን። የሠፈር ሰዎች «ስለቱ ደረሰ?» ብለው ጠየቋት፤ «ደረሰ» አለች። ስለ ቀረው አልጠየቋትም፤ አልነገረቻቸውምም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ጦርነት መንገድን ሁሉ ከባድ አድርጎታል፤ «በሰላም ነው?» የሚለው ጥያቄም የቀድሞው ልማድ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በ2017 ዓ.ም. «ጣና ነሽ ሁለት» የተሰኘችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ፣ ሕዝቡ በየመንገዱ ዳር ወጥቶ አያት። መርከብ ተራራ ሲወጣ ያየ ሰው ተስፋ ማድረግ አያቅተውም። እናቴ ያንን ዜና በቴሌቪዥን ስትመለከት «ይቺስ ለማን ስለት ነው የምትሄደው?» ብላ ጠየቀች። ልጄ ቀድማኝ «ለማንም፤ እንዲሁ» አለቻት። እናቴም «እንዲሁ» የሚለውን ቃል ደግማ ለራሷ አለችው። በዚያ ሰሞን በደብተሬ ጠርዝ ላይ ይህችን ጻፍሁ፤

ግልገል ዓባይ እንኳ፣ ወርዶ ወርዶ ሲደክም፣
ጣና ላይ ያርፋል፤ ዕረፍት ነውር አይደለም።
ለቅሶ ያልጠራው ጉዞ፣ ሠርግም ያልጠየቀው፣
የእናትን ወግ ሰምቶ፣ መመለስ ብቻ ነው።