ድሬን በፍሬን ሰበብ

ከአዲስ አበባ በመኪና ድሬዳዋ ለመግባት ካሰባችሁ አዋሽን፣ ጭሮን፣ ሂርናንና ቁልቢን አልፋችሁ ደንገጎ ትደርሳላችሁ። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ደጋ ደጋውን ወደ ሐረር ይቀጥላል፣ ሌላው ከ2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ልጆች ሹራባቸውን የሚያወልቁት፣ መስኮት የሚከፈተው እዚህ ላይ ነው።

ድሬዳዋ የተወለደችው በዚሁ ቁልቁለት ሰበብ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ቢከብደው ከግርጌው ቀረ። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም ፈጀበት። ባቡሩን ያስቆመው ተራራ የእናንተንም ፍሬን ይፈትናል።

ባለፈው ታኅሣሥ ቁልቢ ገብርኤልን አንግሠን ስንወርድ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቁልቁለቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው ዝቅ ብሎ ሰመጠ። ደግሜ ረገጥኩ። ያዘ፣ ግን ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው። ማርሽ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ መለስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩና ዳር ያዝኩ። ከኋላ የተቀመጠችው ትንሿ ልጄ «ግመል አይተሽ ነው?» አለችኝ። መልስ ለመስጠት ድምፄ እምቢ አለኝ።

ወርደን ስናይ የኋላው ቀኝ ጎማ ከውስጥ በኩል ርሷል። የመኪና የፍሬን መስመር ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ሲፈስ ሌላው ይይዛል፤ ያተረፈን እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ከጉዞው በፊት የሞተር ዘይትና ጎማ አሳይቼ ነበር። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ከሥር ያለው ቱቦ ምን እንደሚመስል ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

መኪናዋ አይሱዙ ላይ ተጭና ድሬ አንድ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ በዕድሜ አባቴን ስለሚያክሉ «አንቱ» ብዬ ጀመርኩ። ሳቁብኝ። «አቦ፣ አንተ በይኝ! እዚህ ድሬ ነው።» እሺ፣ አንተ። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ወጣና ችግሩን አሳየኝ። መኪናችን አገልግላ ከአውሮፓ የገባች ናት። እዚያ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ቱቦው ዝጎ ተበስቷል፤ ከጎማው ፍሬን ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ዳዶም ከቱቦው ጋር በዝገት አንድ አካል ሆኗል።

«በስንት ሰዓት ያልቃል?» አልኩ።

«ምን አስቸኮለሽ? ዳዶዋ ስትፈቅድ ነዋ!»

ዳዶዋን በሽቦ ብሩሽ አጸዳት፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጣት፣ በመዶሻ ዙሪያዋን ኳ ኳ አደረጋትና ትቷት ሄደ። ረዳቱ እሳት ይዞ ሊጠጋ ሲል ግን ጮኸበት። የፍሬን ዘይት ይነዳል፣ ውስጥ ያለው ጎማም ይቀልጣል። አፉ ክፍት የሆነውን ተራ ቁልፍም ከለከለው። እሱ ዳዶውን በሁለት ጎኑ ብቻ ስለሚይዝ ጠርዙን ይልጠዋል፤ ከተላጠ በኋላ ምንም ቁልፍ አይነክሰውም።

በማግስቱ ጠዋት ዘይት ሲደገምላት እኛ ባጃጅ ይዘን ከዚራ ገባን። ለባቡር ኩባንያው ተብሎ የተቀየሰ ሰፈር ነው፤ ጎዳናው ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላውን መንገድ ላይ የዘረጋ። ጣቢያው ጠይቃችሁ ከተፈቀደላችሁ የድሮውን የባቡር ጋራዥ ሳታዩ አትመለሱ። አሮጌዎቹ ባቡሮች፣ የቶርኖ ማሽኖቹ፣ የዘይቱ ሽታ እንዳለ አለ። መለዋወጫ ሲጠፋ እዚያው ቀርጸው ይሠሩ እንደነበር ስሰማ የኛ መካኒክ ትዕግሥት ከየት እንደመጣ የገባኝ መሰለኝ።

ከዚያ ደቻቱን ተሻግረን መጋላ፣ ከመጋላ ቀፊራ ገበያ። ልጆቹ ሳምቡሳና ሙሸበክ በእጃቸው ይዘው፣ አፋቸው በስኳር ተለጥፎ። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው። መኪና ለማቆም ቢያምራችሁም አታድርጉት፤ በ1998 ዓ.ም ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከተማው ጸጥ አለ። ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ወደ ቤቱና ወደ በርጫው ይገባል። የአዲስ አበባ ሰው በዚህ ይናደዳል፤ እኔም ተናድጄ ነበር። ጋራዡ ተዘግቶ ሳለ ዘይቱ ግን ወደ ዝገቱ ውስጥ እየሰረገ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስንመለስ መካኒኩ ዳዶዋን ዙሪያዋን አቅፎ የሚይዝ፣ ቱቦው የሚያልፍበት ክፍተት ብቻ ያለው ቁልፍ አወጣ። መጀመሪያ ለመፍታት ሳይሆን በጣም ትንሽ አጠበቀ። «ዝገቱ ሲሰበር ይሰማሻል» አለኝ፤ ጠቅ አለ። ከዚያ ትንሽ ፈታ፣ ትንሽ መለሰ። ቱቦው አብሮ መጠምዘዝ ሲጀምር አልታገለም። ቱቦው መቀየሩ ላይቀር በሚል ዳዶዋ ሥር ቆረጠውና ስድስቱንም ጎን የሚይዘውን ቡሽ ቁልፍ ከላይ አለበሳት። ወጣች።

አዲሱ ቱቦ ገባ፣ አዲስ የፍሬን ዘይት ተሞላ። እናንተም በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩት። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው ሲታሸግ የመፍሊያ ነጥቡ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሲሆን እርጥበት ከጠጣ በኋላ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ደንገጎን ፍሬን ላይ ተቀምጣችሁ ከወረዳችሁ ሊፈላ፣ ፔዳሉም ባዶ ሊሆን ይችላል። በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ።

አየሩን ማስወጣት የኔ ድርሻ ሆነ። እሱ ከሥር ተኝቶ «ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!» ይላል፣ ልጆቼ ከኋላ ወንበር ያስተጋባሉ። ፔዳሉ ቀስ በቀስ ደነደነ።

ሒሳብ ልከፍል ስል «ቆይ» አለና አጠገቤ ገባ። የደንገጎን ዳገት እኩሌታውን አስወጣኝ፣ አዙሮ በሁለተኛ ማርሽ አስወረደኝ። በየመታጠፊያው እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱ መስኮቱን ከፍቶ ክንዱን አስደግፎ ተቀምጧል። ከተማ ስንገባ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር።

«በቃ፣ ቀፊራ ጋ አውርጂኝ» አለ።