ኮልቾ ላይ “ድገምልኝ” አይባልም!

ወደ ኮልቾ ልትወርዱ ነው? እንግዲያው ስለ ካሜራው ከጂንካ ሳትወጡ አስቡበት። ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች የካሮዎች መንደር ናት። የከብት ዝላይ ከገጠማችሁ እንደ ስፖርት ብቻ አትዩት፤ ለወጣቱ የትዳር በር ነው።

ደረት ላይ የምትታሰረው የጎፕሮ ዓይነት ካሜራ ለብስክሌት ግሩም ናት። ሰፊ ስለምታይ ግን ራቅ ያለውን ዘላይ ጉንዳን ታሳክለዋለች። ጠጋ ልበል ካላችሁ ደግሞ ከብቱ ይበረግጋል። ስለዚህ ዙም ያለው ይሻላል! ፎቶው እንዳይደበዝዝ ሹተሩን 1/1000 ሰከንድ አድርጉት፤ ጀንበር ካዘቀዘቀች አይኤስኦውን ከፍ አድርጉ። ቪዲዮው ዝግ ብሎ እንዲታይ ከፈለጋችሁ በሰከንድ 120 ፍሬም ቅረጹ። ካሮዎች ገላቸውን የሚቀቡት ነጭ ጠመኔ በፀሐይ ስለሚያንጸባርቅ ኤክስፖዠሩን ትንሽ ቀንሱ። አቧራ ውስጥ ሌንስ አትቀይሩ፤ ትርፍ ባትሪም ያዙ።

ድሮን? ከብት ያስደነብራል፣ ይቅርባችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን በአስጎብኚ በኩል ሽማግሌዎቹን አስፈቅዱ፤ ክፍያውንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለልጁ ሥርዓቱ በዕድሜው አንዴ ነው። “አይሆንም” ካሏችሁ ካሜራውን አውርዳችሁ በዓይናችሁ ብታዩስ ምን ይጎድልባችኋል?