አበባውን ከመምረጣችሁ በፊት

በክረምት ከደብረ ማርቆስ በደንበጫ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም ተጉዛችሁ ታውቃላችሁ? በቆሎው ያማረ ነው፤ ጉሙ ሜዳውን ይሸፍነዋል። «እዚህ አገር የማይበቅል ምን አለ?» ያሰኛል።

እኔና ባለቤቴም እንዲሁ አስበን፣ ለጋብቻችን መታሰቢያ ከአዲስ አበባ ኦርኪድ ገዝተን ፍኖተ ሰላም ገባን። በመስከረም ደስ ይል ነበር። የካቲት ሲገባ ግን ቅጠሉ ተሸበሸበ። እኔ «ውኃ አነሰው» ብዬ ጠዋት አጠጣለሁ፤ እርሷም ሳትነግረኝ ማታ ታጠጣለች። ሥሩ በስብሶ ሞተ።

ስሕተታችን ምን ነበር? ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ይህ ኦርኪድ የመጣው ሙቀትና እርጥበት ከማይለያቸው የእስያ ደኖች ነው። ፍኖተ ሰላም ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬም ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ በበጋ አየሩ ይደርቃል፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ከቡሬ በነቀምት መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ብትወርዱ ሙቀቱን ታገኛላችሁ፤ እርጥበቱ ግን በበጋ አብሮት አይኖርም።

ፋሌኖፕሲስ ከወደዳችሁ፣ ሌሊት ከማይቀዘቅዝ ክፍል፣ ብርሃን ካለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ ከማይመታው መስኮት አጠገብ አኑሩት። ለደጅ በረንዳ ከሆነ የአገራችንን ኤራንጊስ ብራኪካርፓን አስቡ። ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባሉ ደኖች ይበቅላል፤ አበባው እንደ ኮከብ ነጭ ነው፣ ሌሊት ያውዳል። ከጫካ ግን አትንቀሉ፤ ተባዝቶ የሚሸጥ ካገኛችሁ ብቻ ግዙ። ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የኦርኪድን የድንበር ንግድ ይቆጣጠራል።

ሁለቱም ዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸው። እንደ ተቀጽላ የዛፉን ምግብ አይቀሙም፤ ዛፉ ማረፊያቸው ብቻ ነው። ሥራቸው ከዝናብና ከጉም ጠጥቶ ወዲያው አየር ይፈልጋል። ስለዚህ በአፈር አትትከሏቸው፤ በዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ ይሁን። እርጥብ ሥር አረንጓዴ፣ የደረቀ ሥር እንደ ብር ነጭ ነው። ሳይነጣ አታጠጡ።

ባልና ሚስት ሆይ፣ ማን እንደሚያጠጣም ተነጋገሩ። የእኛን አበባ የገደለው ቸልተኝነት አልነበረም፤ ሁለታችንም እንወደው ነበር፤ ግን አልተነጋገርንም። አሁን በቤታችን የምታጠጣው እርሷ ናት፤ እኔ ሥሩን አይቼ «ነጥቷል» እላታለሁ። እናንተስ ቤት?